ለማሳያ የተለቀሰ ለቅሶ

ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ሁለተኛ ልጃቸውን በሚያዝሉበት ዕድሜ ነው። ዲላ ውስጥ ለጎልማሶች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። ሕፃናቱ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኛ በእነሱ ወንበር እንቀመጣለን። ወንበሩ ለልጅ ጉልበት የተሠራ ስለሆነ ሁላችንም ወደ ጎን ዞረን፣ እግራችንን መተላለፊያው ላይ ዘርግተን ነበር የምንማረው። ከፊቴ አንድ የጎንደር ፖሊስ፣ ከጎኔ ከሸዋ የመጣች ጠላ ሻጭ፣ ከኋላዬ ጉራጌ ባለሱቅ ከነሚስቱ ይቀመጡ ነበር። ከሲዳማም ከጉጂም የመጡ ነበሩ። ከጌዴኦ ግን ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና የፍርድ ቤት ተላላኪ የሆነ አንድ ሰው። በመዝገቡ ላይ «ደራሳ» ተብለን ነበር የተጻፍነው። ቤታችን ውስጥ ራሳችንን እንዲያ ብለን ጠርተን አናውቅም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ከተማይቱ ከኮረብታችን ግርጌ ናት፤ የእኛ ሰዎች ግን ቡና ሊሸጡ ወርደው ጨው ገዝተው ተመልሰው የሚወጡ ነበሩ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ፈረንጅ ወጣት፣ ረጅምና ጠያቂ ነበር። አማርኛውን ከልጆች ስለተማረ ዲሬክተሩን ሳይቀር «አንተ» ይላቸው ነበር። ዲሬክተሩ በሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው፤ «አንተ» በተባሉ ቁጥር የኮታቸውን ቁልፍ ይነካሉ። እኛ እንስቃለን።

የባህል ቀን ይደረግ ያለው ይኸው ፈረንጅ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ አትተዋወቁም አለን። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወግ ለሌላው ያሳይ፤ ከተማውም ይጋበዝ። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። ዲሬክተሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የየወገኑን ስም ደርድረው ምን እንደምናሳይ ይጠይቁ ጀመር። ጉራጌዎቹ ሰርግ አሉ። ፖሊሱና ጠላ ሻጯ የአማራ ሰርግ አሉ። የሲዳማዎቹም ሰርግ፣ የጉጂዎቹም ሰርግ ሆነ።

«ሁሉም ሰርግ ነው» አለ ፈረንጁ ሰሌዳውን እያየ። «እዚህ አገር ሰው አይሞትም?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ተላላኪው እጁን አነሳ። «ጋሼ፣ እኛ እንደሆን ለሰርግ አንበቃም። ሙሽራ አለ፣ ሚዜ አለ፣ ዘፋኝ አለ። ለለቅሶ ግን ሁለት ሰው ይበቃል። እኔ እሞታለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች።»

«መልካም» አሉ ዲሬክተሩ፤ «ደራሳ» ከሚለው ጎን «ለቅሶ» ብለው ጻፉ። ጠመኔው በመጨረሻው ፊደል ላይ ተሰበረ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ተላላኪው በማግስቱ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ሚስቱ ሰምታ፣ በቁሙ ሬሳ ሆኖ የሚተኛ ባል ቤቷ እንደማይገባ ነግራዋለች። «እኔ መሞቱን ትቻለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺስ ታለቅሻለሽ?»

ማልቀስ እችል ነበር፤ ለቅሶ ማውጣት ግን አልችልም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለቅሶ የምታወጣ ሴት ሟቹን ስሙን ሳትጠራ፣ በአረማመዱ፣ በሳቁ፣ እጁ በለመደው ሥራ እየጠራች በሕዝቡ ፊት ታቆመዋለች። ጥሩ አልቃሽ ከሆነች ሰዉ ዘወር ብሎ በሩን ያያል። እናቴ እንዲህ ያለች ነበረች። እስከ ቡሌ ድረስ ይጠሯት ነበር፤ ደጋ ላይ በጉም ውስጥ ስታወጣ ከማዶው መንደር ይሰማል ይባል ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ጊዜ ግን ካቆመች ቆይታለች። ጎረቤቶች ምክንያቱ ጸሎት ቤት መግባታችን ነው ይላሉ፤ እዚያ ዋይታ ስለማይወደድ። እኔ ሌላ ምክንያት አውቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በአንድ ክረምት በቡና መኪና ላይ ተሳፍሮ ሥራ ፍለጋ ሄደ። የይርጋጨፌ ነጋዴ በሞያሌ መንገድ አየሁት አለ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ለቅሶውን እንቀመጥ ብለው እናቴን ለመኗት። «ለማን?» አለቻቸው። ተነስተው ሄዱ።

የወንድሜ ቡልኮ እሱ ይተኛበት በነበረው ግድግዳ ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዳር ዳሩ ቀይ ጥለት ያለው ወፍራም ቡልኮ ነው። ፀሐይ በወጣ ቁጥር አውጥታ ታሰጣዋለች፣ አራግፋ ትመልሰዋለች። በዚያ ቦታ ሌላ ሰው አይተኛም፤ እንግዳ ቢበዛም እኛ ተጣበን እናድራለን። የሰው ለቅሶ ስትሄድም ከኋላ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «አፌ ከተከፈተ የማንን እንደሚያወጣ አላውቅም» አለችኝ።

ስለዚህ ዲሬክተሩና ፈረንጁ እናቴ በእኔ ፋንታ እንድታወጣ ሊለምኗት ኮረብታውን ወጥተው ቤታችን ሲመጡ፣ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እኔ በመካከል ሆኜ ማስተርጎም ጀመርኩ።

«እማማ፣ ማሳያ ነው» አሉ ዲሬክተሩ ላባቸውን እየጠረጉ። «እውነተኛ ለቅሶ አይደለም።»

«የሞተው ማን እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ሬሳውስ?»

«ባዶ አልጋ እናስቀምጣለን» አለ ፈረንጁ ደስ ብሎት፤ ችግሩን የፈታ መስሎት።

እናቴ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ከማን እንደመጣ ለማየት ዞር አልኩ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ወደ ግድግዳው አየች። «ሬሳውን እኔ አመጣለሁ በያቸው» አለች።

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ዲሬክተሩ፣ ወንበር አመጣለሁ እንደተባለ ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው አመሰገኑ። አባቴ ደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር። በኋላ፣ ማሳያ ከሆነ ኃጢአት የለበትም ብሎ የጸሎት ቤቱ ወንጌላዊ እንደነገረው ነገረን።

በባህል ቀኑ ዕለት ጠዋት ከእንሰቱ መካከል ገባች። ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ አንድ እንሰት መርጣ፣ ከነአምቾው፣ ከነወፍራም ሥረ ግንዱ ነቀለችው። ቅጠሉን ቆራርጣ ጣለች፤ አናቱን ደግሞ በቢላዋ አስተካክላ ክብ አደረገችው። ግንዱን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስትመዝን አየኋት። «ይኸኛው ይሆናል» አለች ለራሷ። እንሰት ውኃ ያዘለ ስለሆነ እንደ ሰው ይከብዳል፤ አባቴና ተላላኪው በወሳንሳ አድርገው ወደ ከተማ አወረዱት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ከተሰቀለው መጋረጃ ኋላ እናቴ ጥቅሏን ፈታች። የሷ ልብስ መስሎኝ ነበር። ቀዩን ጥለት አየሁ።

«እማዬ፣ ይሄን ለምን አመጣሽው?»

«ሌላ ቡልኮ የለንም» አለች፣ እንሰቱን ከራሱ ጀምራ እየጠቀለለች። ሌላ ሁለት ነበረን።

ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከአውራጃው ገዥ ቢሮ የመጡ ሹማምንት ከፊት ተቀምጠዋል። ከማዘጋጃ ቤት የተዋስነው፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ የባንዲራው እንጨት ላይ ታስሯል፤ አፉ ወደ ኮረብታው ነው። ማንም አስቦበት አልነበረም። እንጨቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ከሰዓቱን ሙሉ ሰርግ በሰርግ ሆነ። ባለሱቁና ሚስቱ ከተጋቡ ስንት ዘመናቸው፣ እንደገና ተጋቡ። ሚስቱ «እንዲህ አምረህ መጥተህልኝ አታውቅም» ብላው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘፈኑና እልልታው በማጉያው ወደ ኮረብታው ሄደ፤ ከዚያ በኩል የመጣ ምንም ነገር አልነበረም። በእኛ ዘንድ ወደ ሰርግ የሚሄደው የተጠራ ሰው ነው። የለቅሶ ድምፅ የሰማ ግን ማንም ሳይጠራው የያዘውን ጥሎ ይነሳል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ወሳንሳው ሲወጣ ፖሊሱ «ሟቹ ጥሩ ይበላ ነበር» አለ፤ አንዳንዶች ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆመች። እኔ ከጎኗ በሌላ ማይክሮፎን ወደ አማርኛ እንድመልስ ተነግሮኝ ነበር። መጀመሪያ ከማጉያው የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነበር፤ ከላያችን አንድ ትልቅ ነገር የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የሚሄድ፣ አለች። መለስኩት። ውኃ ባየ ቁጥር እግሩን ሳይታጠብ የማያልፍ። መለስኩት። ፊት ለፊት ካለው ጥርሱ አንዱ የተሸረፈ። እዚህ ላይ ድምፄ ቀነሰ። በር ላይ ሲደርስ ከመግባቱ በፊት የሚያስል፣ እናቱ እንዳትደነግጥ የሚያስል።

መተርጎም አቆምኩ። ፈረንጁ ከሥር ሆኖ ቀጥዪ እያለ በእጁ ያሳየኛል። ሹማምንቱ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ፤ ቋንቋውን አያውቁትም፣ ግን ከመካከላቸው አንዱ ዞሮ የግቢውን በር አየ። እኔም አየሁ። ማንም አልነበረም።

ስትጨርስ አጨበጨቡ። ለለቅሶ ሲጨበጨብ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጭብጨባው ሲበርድ ግን ለቅሶው አልበረደም። ከኮረብታው ላይ፣ ከእንሰቱና ከቡናው መካከል ይሰማ ነበር። እናቴ አፏን ዘግታ ቆማለች።

«የገደል ማሚቶ ነው» አሉ ዲሬክተሩ።

የገደል ማሚቶ ቃል አይጨምርም። የሚመልሱት ሴቶች የወንድሜን የልጅነት ነገር፣ እናቴ ያላነሳችውን ጭምር እያነሱ ነበር። ድምፁ ከአንድ ቦታ ሁለት ቦታ ሆነ፤ ከዚያ ኮረብታው በሙሉ አለቀሰ። ወዲያው በቀጫጭኑ መንገድ ሁሉ ሰዎች ሲወርዱ ታዩን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ታጥቀዋል፤ ወንዶቹ ረጃጅም በትር ይዘዋል። እጃቸው ላይ የእርሻ አፈር ነበር። በበሩ ገብተው፣ ሹማምንቱን እንደ አጥር እንጨት አልፈው፣ ወሳንሳው ዙሪያ ቆሙ። አክስቴ ደረቷን እየደቃች መጥታ እናቴን አቀፈቻት። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ሁሉም ተቀመጡ።

የመንደራችን ሽማግሌ አባቴን ትከሻውን ይዘው «መቼ ተሰማ?» አሉት። አባቴ አፉን ከፈተ፤ እናቴን አየ፤ መልሶ ዘጋው።

ዲሬክተሩ ማይክሮፎኑን ወሰዱ። «እባካችሁ፣ ይህ ማሳያ ነው፤ እውነት አይደለም» የሚለው ድምፃቸው በማጉያው ወጥቶ ኮረብታው ላይ ተበተነ። አማርኛ የሚሰማው ጥቂት ነበር፤ የሰማውም ቀና አላለም። «ንገሪያቸው እንጂ» አሉኝ። እጃቸው የኮታቸው ቁልፍ ላይ ነበር።

ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አልኩ። «አባባ፣ ማሳያ ነው ይላሉ።»

«ምኑን ነው የሚያሳዩት?»

«ለቅሶ።»

«አየን» አሉኝ።

ወሳንሳውን አንስተው ወጡ። የተጠቀለለውን ፈትቶ ያየ የለም። ተላላኪው፣ ምን እንዳለበት በእጁ ተሸክሞ ያወቀው ሰው፣ ከፊተኞቹ ተሸካሚዎች ጋር ነበር፤ እያለቀሰ። አያቴ አጠገብ ቀበሩት። ዝናብ ስለመጣ ጉድጓዱን ጥልቅ አላደረጉትም።

በማግስቱ ፈረንጁ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጥቶ ከሰው ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንንም «አንተ» አላለም። ዲሬክተሩም መጡ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ግን ማንም አልሞተም አይደል?»

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው። የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ግድግዳው ሥር ያለውን ቦታ እናቴ ጠርጋ እንጨት ደረደረችበት። ማሰጣት ቀረ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሰው ስታይ ታወራለች። ሌሎች ለቅሶ ሲኖራቸው ሲጠሯት መሄድ ጀመረች፤ ድምፁ ተመለሰላት። የሚያስጨንቅ ነገር ቢኖር እኛን ነበር እንጂ እሷን አልነበረም። በተከታዩ ዓመት የባህል ቀን ሲደርስ ዲሬክተሩ ሰሌዳው ላይ የኛን ስም ጽፈው ከጎኑ ራሳቸው «ሰርግ» ብለው ሞሉት።

መቃብሩ ላይ በቀለ። እንሰት አናቱን ቆርጠው ከነአምቾው ሲቀብሩት ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያ ስንፈልግ ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ። ግን ከአፈሩ ላይ እንደ ጣት ተጠጋግተው ሲወጡ አባቴ መጀመሪያ አየና ቆጠራቸው። ሴቶች በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ቡቃያ መለየትና ሰፋ አድርጎ መትከል ያስፈልገዋል፤ የሚነካው ግን አልነበረም። እርስ በርሱ እየተጋፋ፣ ቀጭንና ቢጫ ሆኖ አደገ።

አንድ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ በር አጠገብ ተቀምጬ ሳነብ፣ ከአጥሩ ኋላ አንድ ሰው አሳለ።

እናቴ ቆጮ እያሸች ነበር። እጆቿ ቆሙ። ቀና ሳትል «ይግቡ» አለች። በእኛ ቋንቋ ያለችውን ነው እንዲህ የጻፍኩት፤ ለማያውቁት እንግዳ የሚባለውን ነው ያለችው።

አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ገባ። ከስቷል፤ ጢም አብቅሏል። ሲስቅ ጥርሱ እንደተሸረፈ ነው። «እማዬ» አለ።

«ከየት ነው የመጡት?» አለችው።

የተቆጣችበት መሰለው። «ከሞያሌ ማዶ ነው የመጣሁት» አለ፣ ለመቀለድ። «መንገደኛ ነኝ፣ እራት አብሉኝ።»

የእንግዳ መቀመጫ አወጣችለት። እጁን አስታጠበችው። ከቤተሰቡ ሳህን ሳይሆን ለእንግዳ በሚቀርበው አቀረበችለት፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ ሰላም እንደሆነ ጠየቀችው። ሳቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ጠፋ። አባቴ ሲገባ የወንድሜን አንገት አቅፎ አለቀሰ፤ ከትከሻው በላይ እናቴን ሲያይ ግን እጁን ለቀቀ።

የተለቀሰለት ሰው ሲመለስ ምን እንደሚደረግ ከዚያ በኋላ ብዙ ሽማግሌዎችን ጠይቄያለሁ። የተለያየ ነገር ነገሩኝ፤ ማንም አይቼ አውቃለሁ አላለኝም። ያን ጊዜ መንደሩ ያደረገው መንገድ መልቀቅ ነው። ወንድሜ ሲመጣ ሰዎች ከመንገዱ ወጥተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስኪያልፍ ይቆማሉ፤ ቀብር ሲያልፍ እንደሚደረገው።

«እቴቴ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስለ ፈረንጁ ስነግረው ፈገግ አለ። ስለ ቡልኮው ስነግረው ፈገግታው ቆመ። ተነስቶ ወደ መቃብሩ ሄደ፤ ተከተልኩት። አጥሩ ላይ ተደግፎ ቡቃያዎቹን ለብዙ ጊዜ አያቸው። የገበሬ ልጅ ነው።

«እንዲህ ተጠጋግቶ የሚያድግ እንሰት የት ታውቃላችሁ?» አለ። «ቢያንስ አትለዩልኝም ነበር?»

ዶማ አምጥቶ መቆፈር ጀመረ። አላስቆምኩትም፤ ማስቆም እንዳለብኝም አላወቅሁም። ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ እየለየ በጎን አስቀመጠ። ከሥራቸው ያለው አምቾ ሙሉ በሙሉ በስብሷል፤ ሥሮቹ ግን በጨርቅ ውስጥ ገብተው፣ ጨርቁን ይዘው ነበር የወጡት። ቀዩ ጥለት አልለቀቀም። ሥሩን ከጨርቁ በጥንቃቄ ፈልቅቆ አወጣና፣ የቀረውን የቡልኮ ቁራጭ ክንዱ ላይ አድርጎ ወደ ቤት ሄደ። በር ላይ አሳለ።

እናቴ ከእጁ ተቀበለችው። አፈሩን ለረጅም ጊዜ አራገፈች። ወንዝ ወርዳ አጥባው መጣች፤ እንደ ድሮው አጥሩ ላይ አሰጣችው፣ ሲደርቅ ጠቀለለችው። እንጨቱን ከግድግዳው ሥር አንስታ ቦታውን ጠረገች። ጥቅሉን እዚያ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ያንን የድሮውን፣ መንገድ መንገድ የሚያየውን ነገር አየሁ፤ ጠፍቶ የነበረው ተመልሶ መጣ።

ወንድሜ በእንግዳው መቀመጫ ላይ ሆኖ ሁሉንም ያይ ነበር። ሊተኛ ወደዚያ ቦታ እንዳይሄድ የፈራች ይመስል ወደ እሱ ዞር አለች፤ በደግ ድምፅ፣ ለሰው አገር ሰው እንደሚነገር ነገረችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ቦታ የልጄ ነው። ሊመጣ ነው፤ እስካሁን እየጠበቅነው ነው።»

ወንድሜ እሺ አላት። መውጫው ላይ ስለተቀመጠ፣ ደጁን እንድታይ መቀመጫውን ወደ ጎን ሳበላት።